በፊጂ ከምርት መሰብሰብ በኋላ ስለሚባክነው አትክልት

ውድ አባላት፣

በቀጣዩ ውይይታችን በፊጂ፣ በቪቲ ሌቩ ደሴት በሚገኘው የሲጋቶካ ሸለቆ፣ አነስተኛ ገበሬዎች ለፍተው ያመረቱት አትክልት ገበያ ሳይደርስ የሚባክንበትን ምክንያት እንድንመለከት በአክብሮት እጠይቃለሁ። የተለቀመ ቲማቲም ሕይወት ስላለው መተንፈሱን አያቆምም፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር አተነፋፈሱ በእጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚፈጥን፣ ቀትር ላይ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ከቆየና በጆንያ ታጭቆ በኮረኮንች መንገድ ከተጓዘ ፈጥኖ ይበሰብሳል። በእኔ እምነት ከውድ ማቀዝቀዣ በፊት ማለዳ መልቀም፣ ጥላ ሥር ማቆየትና ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን መጠቀም ይቀድማሉ፤ ለጎመን የሚስማማው ቅዝቃዜ ቲማቲምን ይጎዳልና። ባዶው ሣጥን ወደ ገበሬው እንዴት እንደሚመለስና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ግን በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል፤ በዚህ ረገድ ልምድ ያላችሁ አባላት ሐሳባችሁን አስቀድማችሁ በጽሑፍ እንድትልኩልን እንጠይቃለን።