የመርከብ መሪ ቢሰፋ ችግሩ አይፈታም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጅቡቲ ወደብ ባወጣችሁት ጽሑፍ ትልልቅ መርከቦች ቶሎ የማይታጠፉት «መሪያቸው ትንሽ ስለሆነ ነው» ተብሏል። ይህ መታረም አለበት። መሪ ስል ከመርከቡ ኋላ ውሃ ውስጥ ተተክሎ የሚያዞረውን ሰሌዳ ማለቴ ነው።

የጭነት መርከብ የመሪ ሰሌዳ ስፋት፣ የመርከቡ ርዝመት ውሃ ውስጥ በገባው ጥልቀት ተባዝቶ ከሚገኘው 2 በመቶ ገደማ ነው። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የሚሠራው። ሰሌዳው በሰፋ ቁጥር ውሃው ይጎትተዋል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘንጉና የሚያዞረው የሃይድሮሊክ ማሽንም ይከብዳሉ። ሸክሙን ለማቅለል የሰሌዳውን ሩብ ያህል ከዘንጉ ፊት ያደርጉታል።

ወሳኙ በሰሌዳው ላይ የሚያልፈው ውሃ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ከቀነሰ የመሪው ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። መሪ ውሃውን ወደ ኋላ እየገፋ መርከቡን ከሚያስኬደው ፕሮፔለር ኋላ የሚተከለውም ለዚህ ነው። ወደብ ሲቃረቡ ሞተሩ ድንገት ከቆመ፣ መሪው እስከ 35 ዲግሪ ቢዞርም መርከቡ እሺ አይልም። ያን ጊዜ የሚበጀው መሪውን እንደዞረ ይዞ ለአጭር ጊዜ ሞተሩን ወደፊት መስጠት ነው፤ መርከቡ ገና ፍጥነት ሳያነሣ ኋላው ወደ ጎን ይገፋል። ከ35 ዲግሪ አልፎ ማዞር ግን በተለመደው መሪ ትርፍ የለውም፤ ውሃው ከሰሌዳው ጀርባ ተላቆ ይሽከረከራል፣ የጎን ግፊቱ ይወድቃል፣ ጉተታው ብቻ ይቀራል። ጫፉ ላይ ተጣጣፊ ክንፍ ያለው መሪ በተመሳሳይ ማዕዘን የበለጠ ይገፋል። ዋጋው ማጠፊያው ነው፤ ሲበላ ጥገናው ደረቅ ዶክ፣ ማለትም መርከቡ ከውሃ ውጭ የሚጠገንበትን ስፍራ፣ ይጠይቃል።

ሌላው ጽሑፉ የዘለለው፣ ቶሎ መታጠፍና ቀጥ ብሎ መሄድ እርስ በርስ የሚሻሙ መሆናቸው ነው። ወርደ ሰፊ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አንዴ መዞር ከጀመረ መሪው ወደ መሃል ቢመለስም መዞሩን ሊቀጥል ይችላል፤ የሚያቆመው በተቃራኒው የተሰጠ መሪ ነው። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው መለኪያ ሁለቱንም የሚፈትሸው ለዚሁ ነው፦ የመታጠፊያው ክብ ወርድ ከመርከቡ ርዝመት 5 እጥፍ እንዳይበልጥ፣ መሪው ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ በሚዞርበት የዚግዛግ ሙከራም መርከቡ ከታዘዘው አቅጣጫ ብዙ እንዳያልፍ።

ስንዴ አራግፎ ባዶውን የሚወጣ መርከብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከፍ ሲል የመሪው አናት ከውሃ በላይ ሊቀር ይችላል፣ ገላጣው ጎኑ ግን ንፋስ ይቀበላል። የኋላ ታንኮች ውሃ የሚሞሉት መሪውም ፕሮፔለሩም እንዲሰጥሙ ነው። ጥልቀቱ በሚያንስ ውሃ ላይም የመታጠፊያው ክብ ይሰፋል።

ከጽሑፉ ጋር የወጣው ሥዕል መርከቡን እንደ መኪና በፊቱ ሲታጠፍ ያሳያል። እዚህ ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ፎርክሊፍት ሲሠራ ያየ ልዩነቱን ያውቃል፦ ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚወጣው ኋላው ነው። መርከብም እንደዚያው ስለሆነ፣ ከመትከያው ለመራቅ መሪውን አብዝቶ ያዞረ ካፒቴን ግንቡን የሚመታው በኋላው ነው። ሥዕሉም ቢስተካከል መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የባሕር መሐንዲስ፣ ከድሬዳዋ