የደሴት ዜማ ለባሕር ዳር እንግዳ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በከተማችን የተመሠረተ አንድ የወጣቶች ባንድ ያለ አሳታሚና ያለ ስፖንሰር፣ በራሱ ወጪ ስላወጣው አዲስ የሬጌ አልበም በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ሥራውን «የውሰት የደሴት ሙዚቃ» ብለው መጥራታቸውና በሽፋኑ ላይ የተሣለውን ዘንባባ ለማስረጃነት መጥቀሳቸው ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገድዶኛል። በዘንባባው ብዙ አልከራከርም፤ በባሕር ዳር ጎዳናዎች ግራና ቀኝ ቆሞ ያሳደገንን ዛፍ የጃማይካ ነው ለማለት ከተማዋን አለማየት ይጠይቃል።

ሬጌ በእኛ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ገደማ በጃማይካ መወለዱ አያከራክርም። ነገር ግን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ የተቀበላቸውን ሕዝብ የሚያስታውስ ሰው፣ ሙዚቃው ገና ሲጠነሰስ የኢትዮጵያ ስም አብሮት እንደነበረ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን የጃማይካዊውን የሬጌ ድምፃዊ የዚጊ ማርሌይን አልበም ያጀበው ዳሎል ባንድም በቺካጎ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የመሠረቱት ነው። በአገር ቤትም እነ ኢዮብ መኮንንና ጃ ሉድ በአማርኛ ካዜሙት በኋላ አበዳሪውን ከተበዳሪው መለየት ቀላል አይመስለኝም።

አስተያየቱ ጨርሶ ያላነሣው፣ እኔ ግን ደጋግሜ ያዳመጥሁት የክራሩን ነገር ነው። በተለመደው የሬጌ ስልተ ምት ከአራቱ ምቶች የመጀመሪያው ባዶ ይተዋል፤ ድራሙ ክብደቱን በሦስተኛው ላይ ይጥላል፤ ጊታሩ ወይም ኪቦርዱ ደግሞ በምቶቹ መካከል አጠር አድርጎ እየቆረጠ ይገባል። በአልበሙ ሦስተኛ ዘፈን ውስጥ ይህን የመቁረጥ ሥራ የያዘው ክራር ነው። በወጣትነቴ ክራር እደረድር ስለነበር እንደማውቀው፣ የቀኝ እጅ አውታሮቹን በሙሉ ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን እያፈኑ የሚፈለጉትን ብቻ ስለሚለቁ፣ ድምፁን ባጭሩ መግታት ለክራር ተፈጥሮው ነው። ማሲንቆ ቢሆን ኖሮ ቀስቱ ድምፁን ስለሚያስረዝም ይህን ቦታ ባልሞላው ነበር፤ አቀናባሪው ይህን ተረድቶ ማሲንቆውን ለመግቢያው ብቻ ማስቀመጡ ብስለቱን ያሳያል። ዜማው በትዝታ ቅኝት ሲሄድ ቤዝ ጊታሩ ከሥር ረጋ ብሎ ይከተለዋል፤ አንዱ ሌላውን ሲጫነው አልሰማሁም።

ጉድለት የለበትም አልልም። ግጥሞቹ ደሴት ሲሉ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ማዕበል ይደረድራሉ፤ ጣና ላይ ግን ያለው ሌላ ነው። የደቅ ገበሬ፣ የዘጌ ቡና፣ ከደንገል በተሠራ ታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ከተማው ገበያ የሚቀዝፈው ሰው ከአሥሩ ዘፈኖች በአንዱ ስንኝ እንኳ አልተነሡም። ጸሐፊው «ውሰት» የሚለውን ቃል ለግጥሞቹ ብቻ ቢያውሉት ኖሮ እኔም በተስማማሁ ነበር።

አልበሙ በወጣ በሳምንቱ ሞባይል ላሠራ በገባሁበት ሱቅ ልጁ ሙሉውን ሥራ በጥቂት ብር ሜሞሪ ካርድ ላይ ሲጭን አገኘሁት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲህ አባዝቶ መሸጥን እንደሚከለክል ብነግረው፣ «ባንዱ ራሱ ቢያመጣልኝ እሸጥለት ነበር» አለኝ። መልሱ ከሕግ ባያድነውም፣ አሳታሚ የሌለው ባንድ አልበሙን ለአድማጭ የሚያደርስበት መንገድ እንደሌለው አሳይቶኛል።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችሁ ወደ አልበሙ የሚመለስበት አጋጣሚ ከተገኘ፣ ሥራው በሕጋዊ መንገድ የሚገኝበትን ቦታ እንዲሁም የክራር ደርዳሪውንና የአቀናባሪውን ስም እንድታወጡልን እጠይቃለሁ፤ በመጀመሪያው ጽሑፍ የተጠቀሰው የድምፃዊው ስም ብቻ ነበርና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር