ዕቃ ከማውጣት በፊት ግዢን መግታት

ክቡር አዘጋጅ፣

ፍቅረ ንዋይን ስለ መተው ብዙ ይሰበካል፤ ከየት እንደሚጀመር ግን እምብዛም አይነገርም። ስብከት ልቡን የነካው ሰው በአንድ ቅዳሜ ቤቱን ያራግፋል፤ ወራት ሳያልፉ ቤቱ ተመልሶ ይሞላል። ዕቃው ወጣ እንጂ የመግዛት ልማዱ አልተነካማ!

ስለዚህ ቀድሞ የሚያዘው ግዢ ነው። ከምግብ፣ ከመድኃኒትና ከመሰል አስፈላጊ ነገሮች በቀር ያማረንን ሁሉ ከነቀኑ በደብተር ጽፎ 30 ቀን መቆየት ይገባል። ቀኑ ሲደርስ አብዛኛው ፍላጎት በርዶ ይገኛል። ከጎኑ «ለምን ፈለግሁት?» ለሚለው መልስ መጻፍ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። «ከፍቶኝ ስለነበር»፣ «እነ እገሌ ስላላቸው» የሚል መልስ ሲደጋገም የሚታከመው የቱ እንደሆነ ይታወቃል። ለመንፈሳዊ መካሪ መቅረብ ያለበትም ይኸው ደብተር ነው።

ዕቃ ማውጣቱ ከዚያ ይቀጥል። በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ ይነካ፤ ልብስ ከሆነ ልብሱን ሁሉ ከየቦታው ሰብስቦ መዘርጋት ነው፤ ተበታትኖ ሳለ ብዛቱ አይታይም። የሚያጠራጥረውን በካርቶን አሽጎ፣ ቀን ጽፎበት 3 ወር ማቆየት፤ ሳይከፈት ከቆየ ይሰጥ። የወቅት ልብስ ግን በዚህ አይመዘን። ለመስጠት የተለየውም በሳምንት ውስጥ ከቤት ካልወጣ አንድ በአንድ ወደ ቦታው ይመለሳል። የተቀደደና የተሰበረ ነገር ለድሃ መስጠት ልግስና አይደለም። የትዳር ጓደኛን ንብረት ያለ ፈቃድ ማውጣትም ጠብ እንጂ ሰላም አያመጣም።

ብዙዎች ታላቁን መናኝ ቅዱስ እንጦንስን እያሰቡ ሁሉን በአንድ ቀን መተው ያምራቸዋል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ እንደሚለው ግን እንጦንስ «ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ» (ማቴ. 19፥21) የሚለውን ሰምቶ ንብረቱን ሲያከፋፍል ለእኅቱ ጥቂት አስቀርቶ ነበር። ያንንም የሰጠው ኋላ «ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ሲሰማ፣ እኅቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ብሎ ነው፤ ከዚያም በእጁ ሥራ ይኖር ነበር። ዕዳ ያለበት ዕዳውን ይክፈል፤ ቤተሰብ ያለው የጥቂት ወራት ወጪ ይያዝ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።

ከግዢ የተረፈው ሰዓት ጸሎት ካልገባበት ስልክ ይገባበታል። ቦታውና ሰዓቱ የተወሰነ 15 ደቂቃ ለጀማሪ ይበቃል፤ ከመርዘሙ ይልቅ አለመቋረጡ ይጠቅማል። የሽያጭ ማስታወቂያ የሚልኩ መተግበሪያዎችም ይዘጉ።

እጅግ የሚያሰጋው ግን ውዳሴ ከንቱ ነው። የሌላውን ቤት እያዩ መናቅ፣ የራስን ጥቂት ዕቃ በየጨዋታው መቁጠር ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ዕቃ መቀነሱን ለጊዜው አቁሞ፣ ማንም በማያውቅበት መንገድ የታመመ መጠየቅና መመጽወት ይሻላል፤ «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» (ማቴ. 6፥3) የተባለው ለዚህ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ