ክሪኬት ስለሚጫወቱ ልጆቻችን ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ሜልበርን

ጉዳዩ፦ የክሪኬት ወቅትንና የቅዳሜ ክፍለ ጊዜን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆች፣

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

የክሪኬት ወቅት ሊጀምር ነው። እንደ አምናው ሁሉ ዘንድሮም ከብዙዎቻችሁ ጥያቄ እየመጣ ነው፤ ልጁ ቅዳሜ ጠዋት ጨዋታ አለው፣ ከክፍል ይቅር ወይስ ከሜዳ? አንዳንዶቻችሁም ጨዋታው ራሱ ግራ እንዳጋባችሁ፣ ግማሽ ቀን ቆሞ መዋል ምን እንደሚጠቅም እንዳልገባችሁ በግልጽ ነግራችሁኛል። ውሳኔያችንን ከማሳወቄ በፊት፣ ልጆቻችሁ ስሙን ሳይጠሩ ስለማይውሉት አንድ ወጣት ልንገራችሁ።

ሳም ኮንስታስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲድኒ ውስጥ የተወለደ፣ ቤተሰቡ ከግሪክ የመጣ ልጅ ነው። ሥራው ኦፕነርነት ነው፤ ቡድኑ የመምታት ተራ ሲደርሰው ቀድመው ከሚገቡት ሁለት ልጆች አንዱ ማለት ነው። አገር ቤት የገና ጨዋታ የተጫወታችሁ አባቶች ዱላና ሩርን ስለምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል፤ ልዩነቱ እዚህ ሩሯ ከሩቅ ተወርውራ ወደ ልጁ የምትመጣ መሆኗ ነው። ኦፕነሩ ሲገባ ኳሷ አዲስና ጠንካራ ናት፣ ወርዋሪዎቹም ገና አልደከሙም። ከኋላው የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ከተመቱ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች ይወጣል፣ በዚያ ዙር አይመለስም። ቴስት የሚባለው ደግሞ አገር ከአገር ጋር እስከ አምስት ቀን የሚጫወትበት፣ ከሁሉም የከበደው ግጥሚያ ነው።

ኮንስታስ እዚያ የደረሰው በአንድ ጀንበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ሲድኒ ላለችበት ክፍለ ግዛት፣ ለኒው ሳውዝ ዌልስ ዋና ቡድን ተሰለፈ። በ2024 መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ፣ አውስትራሊያ ሕንድን አሸንፋ ዋንጫ ስትወስድ ከቡድኑ ጋር ነበር፤ በውድድሩም በዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን) ላይ ከመቶ በላይ ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ አስቆጥሯል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ ከሳውዝ አውስትራሊያ ጋር በነበረ አንድ ግጥሚያ በመጀመሪያው ዙር 152፣ በሁለተኛው 105 አስቆጠረ። ዲሴምበር ሲገባ ካንቤራ ላይ በሕንድ ቡድን ላይ 107 ጨመረ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን መራጮች የጠሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ቴስቱን የተጫወተው እዚሁ ከተማችን፣ በሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ (ኤም.ሲ.ጂ.) ስታዲየም ነው። ቀኑ ዲሴምበር 26 ቀን 2024፣ ዕድሜው 19 ዓመት ከ85 ቀን፣ ተመልካቹ 87,242 ሰው ነበር። ወላጆቹም እዚያው ተቀምጠው ያዩት ነበር። የሚወረውርለት የሕንዱ ጃስፕሪት ቡምራህ ነው፤ በዚያ ሰሞን በዓለም ላይ ከእሱ በላይ የሚፈራ ወርዋሪ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ኳሶች ልጁ ባቱን (የመምቻ ዱላውን) ሲሰነዝር ኳሷ በባቱ ጠርዝ አጠገብ ሽው እያለች ደጋግማ አመለጠችው። ተሰብሳቢው ያጉረመርማል፣ የሕንድ ተጫዋቾች ይጮሁበታል። እሱ ወደ ቦታው ተመልሶ እንደገና ይቆማል። ጥቂት ቆይቶ ባቱን አዙሮ ኳሷን ከኋላው ወዳለው ክፍት ሜዳ ላካት፣ ከወሰኑም ውጭ ወድቃ ስድስት ራን ሆነች። በቡምራህ ላይ በቴስት ስድስት ሲመታ ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ ያ የመጀመሪያው ነበር። መሀል ላይ ዝነኛው የሕንድ ተጫዋች ቪራት ኮህሊ በትከሻው ገጭቶት አለፈ፣ ለዚህም ከግጥሚያ ክፍያው 20 በመቶ ተቀጣ። ልጁ ግን መምታቱን ቀጠለ፤ በ65 ኳስ 60 ራን አስቆጥሮ ወጣ።

በእረፍት ሰዓት ልጆቻችን በግቢያችን ያችን ወደ ኋላ የምትመታ ኳስ በፕላስቲክ ባት ሲለማመዱ በየሳምንቱ አያለሁ፣ ደስም ይለኛል። እኔን ይበልጥ የነኩኝ ግን ከስድስቷ በፊት የነበሩት ያመለጡት ኳሶች ናቸው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስቶ፣ ቀና ብሎ ቀጣዩን ኳስ መጠበቅ ከባድ ነው።

የቀረውንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ልጆቹ ይህን ለእናንተ አያወሩም። ኮንስታስ በ2025 አጋማሽ ወደ ዌስት ኢንዲስ ሄዶ በሦስት ቴስት ስድስት ጊዜ ገብቶ በድምሩ 50 ራን ብቻ አስቆጠረ፤ ሁለት ጊዜ በዜሮ ወጥቷል። ከመጀመሪያ ቴስቱ ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። የኛም ልጆች በየሰፈሩ ሜዳ በዜሮ ይወጣሉ፤ በመጀመሪያ ኳስ የወጣ ልጅ ደግሞ ጓደኞቹ ሲጫወቱ ለሰዓታት ዳር ተቀምጦ ማየት አለበት። በዚያ ሰዓት ከጎኑ ሰው ይፈልጋል። ብዙዎቻችን ግን ልጁን አውርደን ወደ ሥራ እንሮጣለን፣ ወይም መኪና ውስጥ ስልክ ይዘን እንቀመጣለን። የኑሮውን ሩጫ አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም እባካችሁ ወንበር ይዛችሁ ወደ ሜዳው ዳር ቅረቡ። ልጁ በዜሮ ሲወጣ "ምነው?" ብላችሁ አትጠይቁት፤ ውኃ ስጡት፣ አብራችሁት ተቀመጡ።

የመምህራን ስብሰባ የወሰነው እንደሚከተለው ነው። ማንም ልጅ በክሪኬት ምክንያት ከአማርኛ ትምህርቱ አይቀርም፣ ማንም ልጅ በአማርኛ ምክንያት ከቡድኑ አይወጣም። ቅዳሜ ጠዋት ጨዋታ ላለባቸው፣ በአገራችን አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የከሰዓት ክፍል እንከፍታለን። ልጆቹ የጨዋታ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቢመጡም ችግር የለም፤ ምሳ ግን በልተው ይምጡ። የዕቃ ዋጋ ያሳሰባችሁ ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የልጁን ክለብ ጠይቁ፤ ብዙ ክለቦች ለታዳጊዎች የሚያውሱት የጋራ ባትና መከላከያ አላቸው።

ለከሰዓት ክፍል የምታስመዘግቡ ወላጆች፣ ክለቡ የሚያወጣውን የጨዋታ ፕሮግራም ቅጂ ይዛችሁ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ለልጃችሁ የክፍል ኃላፊ እንድታስረክቡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር