ከኦፕራሲዮን ወራት በኋላ ስለሚመጣ የአይን ኢንፌክሽን

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ሞራ ግርዶሽ ኦፕራሲዮን ያወጣችሁት ጽሁፍ ጥሩ ነው፣ ግን ኢንፌክሽን ሁሌ በጥቂት ቀን ውስጥ በከባድ ህመም አይደለም የሚጀምረው። ኩቲባክቴሪየም አክነስ የሚባል ቆዳችን ላይ የሚኖር ባክቴሪያ አለ፣ ከብጉር ጋር ስሙ የሚነሳው፣ እሱ አይን ውስጥ ከገባ በኦፕራሲዮኑ የተተከለው ሰው ሰራሽ ሌንስ ያለበት ከረጢት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከወራት በኋላ ብዥታና መቅላት ይዞ ይመጣል፣ ህመሙ ቀላል ስለሆነ ተራ ብግነት ነው ተብሎ ብግነት የሚቀንስ የስቴሮይድ ጠብታ ይታዘዛል፣ ለጊዜው ይሻለዋል፣ ጠብታው ሲቀነስ ይመለሳል። እዚህ ጋር ነው መጠርጠር ያለበት! ከአይን ውስጥ ፈሳሽ ተቀድቶ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የማየት ምርመራ) ሲሰራም ባክቴሪያው በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ በሁለት በሶስት ቀን ኔጌቲቭ ነው ተብሎ መጣል የለበትም፣ እስከ 14 ቀን ይጠበቅ፣ ፒሲአር (የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልግ ምርመራ) ካለ ደሞ ይሰራ። ጠብታ ብቻውን አያድነውም፣ ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አይን ውስጥ ይወጋል፣ እሱም ብቻውን ከሆነ ብዙ ጊዜ ስለሚያገረሽ ቪትሬክቶሚ (አይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ነገር የማውጣት ኦፕራሲዮን) ተሰርቶ ከረጢቱም ይቆረጣል፣ አንዳንዴ ሌንሱ ራሱ ይወጣል። እባካችሁ ይሄን በሚቀጥለው እትም አውጡት፣ ኦፕራሲዮን የተሰራ ሰው አይኑ ከወራት በኋላም ቢቀላ መሰራቱን ለሃኪሙ ይንገር።

አንባቢያችሁ