የጲላጦስ ቤት ደጃፍ

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ብርዱ አልባሰበትም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከስፔን፣ ከሴቪያ ተመልሻለሁ። ስልክ ላይ «ምን አየህ?» ስትዪኝ «አንድ ቤት» ብዬሽ ነበር። ቤቱ ግን በስልክ አያልቅም።

የጲላጦስ ቤት ይሉታል። ጲላጦስ እንኳን አልኖረበትም። ግንባታው የተጀመረው በ1483 ነው፣ በፈረንጆቹ። የባለቤቶቹ ልጅ ዶን ፋድሪኬ በ1518 ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ወጥቶ በ1520 ተመለሰ። ከዚያ ከቤቱ የሚነሳ የመስቀል መንገድ አስጀመረ፤ 1,321 እርምጃ። ከጲላጦስ አደባባይ እስከ ጎልጎታ ያለው ርቀት ይሄ ነው ተብሎ። ስሙ በዚያው ጸና። አስጎብኚዋ ጲላጦስን በክፉ ስታነሳ ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ከቅዱሳን ተርታ ይታሰባል ብላት ማን ያምነኛል?

ግቢው ዙሪያውን የሮም ነገሥታት የድንጋይ ራሶች ተደርድረዋል። እነሱን ቶሎ አለፍኳቸው። ያልጠገብኩት ግድግዳው ነው። ከላይ እስከ ታች ሴራሚክ፣ በ1530ዎቹ የተሠራ፣ ወደ 150 ዓይነት ጥለት ያለው። ከሩቅ የመሶብሽን ስፌት ይመስላል። ጠጋ ስትዪ ቀለሞቹ እንዳይቀላቀሉ በመሃላቸው ቀጭን ጠርዝ ከፍ ብሏል። መንካት ክልክል ነው። ጥበቃው ዞር ሲል በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንዳትቆጪኝ። ሻካራ ነው፣ ቀዝቃዛ።

ፎቁን የሚያሳዩት በአስጎብኚ ነው። ከደረጃው በላይ በወርቅ ያሸበረቀ ጉልላት አለ። ጉልበትሽን አስቤ ደረጃውን ልቆጥር ጀመርኩና ቀና ስል ቁጥሩ ጠፋብኝ።

ደጃፉን ልብ ብዬ ያየሁት ስወጣ ነው። እብነ በረዱ ከጣሊያን፣ ከጄኖቫ የመጣ ነው። በላቲን የተቀረጸበትን ሳስተረጉም ያንቺው መዝሙር ሆኖ አረፈው፦ «እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ።» ዶን ፋድሪኬ ኢየሩሳሌም የገባበትም ቀን አለ፣ ኦገስት 4 ቀን 1519። ድንጋይ ላይ አስቀርጾታል።

ያኔ ሳሎን የሰቀልሽው ፎቶ ትዝ አለኝ፤ ዴር ሱልጣን ደጃፍ ነጠላሽን አጣፍተሽ የቆምሽበት። ባለፈው ስመጣ ገልብጬ አይቼው ነበር፤ ጀርባው ባዶ ነው። ኢየሩሳሌም የገባሽበትን ቀን ጻፊበት። እስክሪብቶ ከቴሌቪዥኑ ስር መሳቢያው ውስጥ አለ።

ልጅሽ