ለእህት ዓለም፦ የአባወራው መደብ ጉዳይ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህት ዓለም፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ መቆየቴ ተገቢ እንዳልነበረ አውቃለሁና ይቅርታሽን እለምናለሁ። ምክንያት መደርደሩ ለሁለታችንም ድካም ስለሆነ ልለፈው፤ አንቺም ቢበዛ ለሳምንት ብታኮርፊ ነው። የቸገረኝ ነገር ስላለ በቀጥታ ወደሱ እገባለሁ።

ዳሞራን እንደገና እየጻፍኳት ነው። አዎን፣ ያችኑ በልብ ወለድ የፈጠርናትን የእኛን መንግሥት። ንጉሡንና ጦርነቶቹን የፈጠርሽው አንቺ ስለሆንሽ አልነካኋቸውም። ሦስቱ ጎሳዎችም፣ ምንጭ ቤት፣ ምድጃ ቤትና ቀንበር ቤት፣ እንደነበሩ አሉ። ያኔ ሁለታችንም ያላሰብንበት ግን በየግቢው ውስጥ አዛዡ ማን እንደሆነ ነው፤ አሁን ሥራዬን ሁሉ ያቆመብኝ ይኸው ነው።

በአራተኛው ምዕራፍ አንድ የቀንበር ቤት አባወራ ይሞታል። አባወራው ይቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ የተነጠፈው አጎዛ ገና ሳይነሣ፣ የጎተራው ቁልፍም ከሚስቱ መቀነት ላይ ሳይፈታ፣ የጎሳው ሽማግሌዎች ገብተው ይቀመጣሉ። የበኩር ልጁ ጢም ያላበቀለ ለጋ ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ጎልማሳ ነው፤ መደቡንም በዐይኑ ይለካዋል። ሚስቲቱ የምድጃ ቤት ልጅ በመሆኗ ለሽማግሌዎቹ ባዕድ ናት፤ ባሏ ዘመቻ ላይ በኖረባቸው ዓመታት ግን በሬውን ያስጠመደችው፣ ግብሩን የከፈለችው፣ የድንበሩን ሙግት ችሎት ቆማ የተሟገተችው እሷ ናት። ከሦስቱ ማንን ላስቀምጥ?

ለእሷ ሰጥቼ ባልፍ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን በዳሞራ መሬቱ የጎሳው ነው፤ ጎሳ የሚቆጠረው በአባት ነው፤ የንጉሡ ሸንጎም የሚቆመው በየጎሳው አባወራዎች ላይ ነው። የምድጃ ቤት ልጅ የቀንበር ቤትን ግቢ ከመራች፣ በእሷ በኩል ወንድሞቿ በሌላ ጎሳ ሸንጎ ድምፅ አገኙ ማለት ነው። አንድ ግቢ ስነካ ዙፋኑ ድረስ ይናጋብኛል።

መላ ብፈልግ ብዬ እውነተኞቹን መንግሥታት ማንበብ ጀመርኩ። ከሁሉም ያስደነቀኝ በዛሬዋ ኡጋንዳ ያለው የቡጋንዳ መንግሥት ነው። እዚያ ከሃምሳ የሚበልጡ ጎሳዎች አሉ፤ እያንዳንዱም አባላቱ የማይበሉት፣ ምልክቱ የሆነ እንስሳ ወይም ተክል አለው፤ ልጅም የአባቱን ጎሳ ይይዛል። ንጉሡ፣ ማለትም ካባካው፣ ግን በቆየው ልማድ የሚቆጠረው በእናቱ ጎሳ ነው፤ ስለዚህ ዙፋኑ የአንድ ጎሳ ርስት ሆኖ አይቀርም፤ ልጁን ለንጉሥ የዳረ ጎሳ ሁሉ የነገውን ንጉሥ ተስፋ ያደርጋል። የካባካው የበኩር ልጅም በልማዱ ዙፋን አይወርስም። ይህን ሳነብ ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ፤ የበኩር ልጅ ነገር ሰዎች እንደየአገራቸው የሚደነግጉት እንጂ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ አየሁበትና።

በጋና ባሉት አሻንቲዎች ዘንድ ደግሞ የዘር ሐረጉ በእናት ነው። በልማዱ ወንድ የሚወርሰው የእናቱን ወንድም ነው፤ የንግሥናቸው ምልክት ለሆነው የወርቅ በርጩማ እጩ የምታቀርበውም ንግሥቲቱ እናት ናት። እ.ኤ.አ. በ1900 እንግሊዞች ያን በርጩማ አምጡ ሲሉ ጦርነቱን የመራችው የኤጂሱ ንግሥት እናት ያአ አሳንቴዋ ነበረች። ለአንድ ሌሊት ያህል ችግሬ የተፈታ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን ዘር በእናት ተቆጠረ ማለት እናቲቱ ቤቱን መራች ማለት አይደለም፤ ባልየው በቆመበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚቆመው አጎትየው ነው።

ከእኛው አገር የቦረና ሥርዓት ይበልጥ ቀረበኝ። ሳቦና ጎና ተብለው በሁለት ይከፈላሉ፤ ሳቦ የሚያገባው ከጎና ነው፤ ጎናም ከሳቦ። እንግዲህ በየቤቱ ያለችው ሚስት ሁሉ የዚያኛው ወገን ልጅ ናት። ባዕድነቷ ሁለቱን ወገኖች የሚያያይዝ ከሆነ፣ የእኔ መበለት ባዕድነት ለምን እንደ ጉድለት ይቆጠርባታል?

አሁን ልጠይቅሽ ወደ ፈለግሁት ልምጣ፤ የጎጃሟ አያትሽን ነገር። በእነሱ አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዷን ማስቆጠር የቻለች ሴት እንደ ወንድሞቿ ድርሻዋን ትጠይቅ ነበር፤ አንድ ሰውም በእናቱ፣ በአባቱ፣ በአያቶቹም በኩል ብዙ በር ስለነበረው በአንድ ጎሳ ታጥሮ አይቀርም ነበር። ያ ሁሉ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። አያትሽ ግን ከዚያ በፊት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ እማወራ ሆና ግቢውን ይዛ ኖራለች። የባሏ ወንድሞች እንዴት እሺ አሏት? በእናቷ በኩል የራሷ ርስት ስለነበራት ነው? ወይስ ልጆቿ እስኪያድጉ በአደራ ያዢው ተብላ ነው? ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ካለ፣ ቃሉን እንደወረደ እፈልገዋለሁ።

እህት ዓለም፣ ቀጥሎ ያለውን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ቆይቻለሁ። አባቴ ማረፉን ሰምተሻል። አርባው በወጣ ማግሥት ዘመዶች ሳሎን ተቀምጠው፣ ከእንግዲህ የቤቱ ኃላፊ ማን ነው ብለው ሲነጋገሩ፣ ሁሉም የተመለከቱት ታናሽ ወንድሜን ነበር። እናቴ ቡና እየቀዳች ነበር። የዕድሩን መዋጮ፣ የመብራቱን ሒሳብ፣ የእኛን የትምህርት ቤት ክፍያ እያብቃቃች የኖረችው እሷ ናት፤ ያን ዕለት ግን ሁሉም ስኒውን ከእጇ ተቀበለ እንጂ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ወንድሜም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ተሽሯል፤ ባልና ሚስት እኩል ሆነዋል። ሳሎናችን ውስጥ ግን የተቀመጡት አሁንም የቀንበር ቤት ሽማግሌዎች ነበሩ።

ስለዚህ የዳሞራዋ መበለት እንድታሸንፍ እፈልጋለሁ፤ ከልቤ እፈልጋለሁ። ይሁን እንጂ እኔ ስላዘንኩላት ብቻ ካሸነፈች የሰጠኋት ምጽዋት ነው። በራሷ አገር ሕግ፣ የሚጠሏት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እምቢ ሊሉት በማይችሉት ሕግ ማሸነፍ አለባት።

ያሰብኩት ይህ ነው። በዳሞራ ጋብቻ ሲፈጸም የሚስቲቱ ጎሳ አንድ ዋስ ይሰይማል። ባል ሲሞት ዋሱ መጥቶ፣ ሽማግሌዎቹን ጎተራው ፊት አቁሞ፣ ይህን ጎተራ ማን ሞላው ብሎ በመሐላ ይጠይቃቸዋል። መልሱ እሷ ከሆነች፣ የመጨረሻው ልጅ ጎጆ እስኪወጣ መደቡ የእሷ ነው፤ ሸንጎ ላይ የምትናገረው ግን በቀንበር ቤት ስም እንጂ በወንድሞቿ ስም አይደለም፤ ለዚህም ዋሱ ራሱ ተጠያቂ ነው። እንዲህ ከሆነ የጎሳው ስጋት ይቀላል፤ ታናሽ ወንድምየው ግን ቂሙን ይዞ ይወጣል። አንቺ ይህን ስታነቢ ወዲያው ጦርነት እንደምትከፍቺ አውቃለሁ፤ እባክሽ እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ታገሽኝ።

ሆኖም ያልቆረጠልኝ ነገር አለ። ሽማግሌዎቹ በሐሰት ቢምሉስ? አያትሽ ፊት እንዲህ ያለ ምስክር ቀርቦ ከነበረ፣ እውነቱን ያናገረው ምን እንደሆነ እናትሽን ጠይቂልኝ፤ ፍርሃት ነበር፣ ይሉኝታ ነበር፣ ወይስ የጎረቤት ዐይን? ምዕራፉን ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። የመሐላውን ቦታ ክፍት ትቼልሻለሁ፤ ብትችዪ ራስሽ ጻፊው፤ ከፋሲካ በፊት ላኪልኝ።

እናትሽን በጣም ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ